ምስጋና ከከንፈር ወደ እጅ



በቅዳሴያችን ውስጥ በቅዱስ ባስልዮስ ስም የሚጠራ ጸሎተ አኰቴት ይደርሳል። አኰቴት ማለት ምስጋና ነው። ጸሎቱም እግዚአብሔር ያደረገልንን በጎነት አንድ በአንድ እየቈጠረ ያሳስበናል።

ይህ አባት፥ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ368 ዓ.ም. ገደማ በቀጰዶቅያ ጽኑ ረኃብ በሆነ ጊዜ፥ ባለጸጎች ጐተራቸውን እንዲከፍቱ ገሠጸ፤ የተራቡትንም ሰብስቦ መገበ። በኋላም የቂሣርያ ኤጲስ ቆጶስ ሆኖ በከተማይቱ ዳር ለድኆች፥ ለእንግዶችና ለሕሙማን መጠለያ አሠራ። ምስጋናው በከንፈሩ አልቀረም፤ ወደ እጁ ወረደ።

ምስጋና ወደ ርዳታ የሚያደርሰው ስለ ምንድን ነው? የሚያመሰግን ሰው የያዘው ሁሉ የተሰጠው መሆኑን ስለሚያምን ነው። የተሰጠን መሆኑን ካወቅን፥ ባለአደራዎች እንጂ ባለቤቶች አይደለንም።

እኛ ካህናትም ሳንቀር፥ ማዕድ ባርከን ከበላን በኋላ በደጅ የቆመውን ነዳይ «እግዚአብሔር ይስጥልን» ብለን ባዶ እጁን የሸኘንበት ቀን አለ። እግዚአብሔር ግን አስቀድሞ ሰጥቶ ነበር፤ የሰጠውም በእኛ እጅ ነበር።

እንግዲህ ማታ ማታ ከመተኛታችን በፊት የዕለቱን ስጦታ እንቍጠር፤ እንጀራውን፥ ጤናውን፥ መጠለያውን። በእያንዳንዱም አመስግነን፥ «ከጎረቤቶቻችን ይህ የጐደለበት ማን ነው?» ብለን ራሳችንን እንጠይቅ። ሲነጋም ካለን ቈርሰን ወደዚያ ሰው ደጅ እንሂድ።

አመስግነን ለመስጠት እንድንበቃ የአምላካችን ቸርነት ይርዳን፤ አሜን።