ከመረግድ እስከ ጽፋት፦ የወሎ ከበሮ በኮምፒውተር ሲቀናበር

ምናባዊ ከበሮ የሚባለው የኮምፒውተር ሶፍትዌር፣ አስቀድሞ በስቱዲዮ ተመትቶ የተቀረጸን የከበሮ ድምፅ ምት በምት ለይቶ ያከማቸና ተጠቃሚው በወደደው ቅደም ተከተል፣ ፍጥነትና ኃይል መልሶ እንዲያሰማው የተሠራ መሣሪያ ነው። በውስጡ የተቀመጠው እያንዳንዱ ነጠላ ምት ሳምፕል ሲባል፣ ሳምፕሎቹ ተሰካክተው የሚፈጥሩት፣ መጨረሻው ከመጀመሪያው ጋር እየገጠመ የሚደጋገም አጭር የምት ሐረግ በአቀናባሪዎች ዘንድ ሉፕ ይባላል፤ የምቶቹ መላላትና መጥበቅ፣ ዝግ ማለትና መጉላት ደግሞ ዳይናሚክስ በሚለው ቃል ይጠራል። ሉፕ የሚኖረው በመደጋገም፣ ዳይናሚክስ የሚኖረው በመለወጥ ስለሆነ ሁለቱ በባሕርያቸው አይስማሙም፤ የከበሮ ቅንብርን የሚያርም ሰው አብዛኛው ድካሙ እነዚህን ሁለቱን በማስታረቅ ላይ የሚያልቀውም በዚህ ምክንያት ነው። የወሎን ከበሮ በዚህ መሣሪያ ለማቀናበር ለሚነሣ ሰው ደግሞ ነገሩ ይበልጥ ይከብዳል፣ ምክንያቱም የአካባቢው ከበሮ ዝግ ብሎ ጀምሮ እየሞቀ የሚሄድ እንጂ በአንድ ልክ የሚዘልቅ አይደለም።

ይህ ከበሮ የሚመታበትን አገር ለማየት ከመርሳ መነሣት ይቻላል፤ መርሳ የሀብሩ ወረዳ ዋና ከተማ ስትሆን፣ ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ፣ ከሰሜን ወሎ ዞን መቀመጫ ከወልድያ በስተ ደቡብ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ትገኛለች። በቀድሞው አጠራር የጁ በሚባለው በዚህ አገር ክርስቲያኑና ሙስሊሙ ተጎራብቶና ተጋብቶ ስለኖረ፣ ከበሮ ቢያንስ በሦስት ዓይነት ጉባኤ ይሰማል፦ በቤተ ክርስቲያን ማኅሌት፣ በመንዙማ ሐድራና በሠርግ ዘፈን። በየጁ ስሙ የገነነው ዳና ከ19ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ የእስልምና ትምህርት ማዕከል ሆኖ ሲታወቅ፣ በዚያው ዞን በላሊበላ ደግሞ ካህናቱ በገና ዕለት በቤተ ማርያም ዙሪያ ቆመው ቤዛ ኵሉን ከበሮ እየመቱ ያሸበሽባሉ። ስለ ወሎ ሙዚቃ ሲነሣ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚወሳው ቅኝቱ ነው፤ ከአራቱ የታወቁ ቅኝቶች ሁለቱ፣ አምባሰልና ባቲ፣ በወሎ ቦታዎች ስም መጠራታቸው ለዚህ በቂ ምክንያት ቢሆንም፣ ዜማውን ተሸክሞ የሚሄደው ምት ግን የሚገባውን ያህል አልተመረመረም።

የቤተ ክርስቲያኑ ከበሮ ከተቦረቦረ ግንድ ተሠርቶ በሁለት ወገን በቆዳ የተለጎመ፣ ቆዳዎቹም በጠፍር የተወጠሩ መሣሪያ ሲሆን፣ አንዱ አፉ ሰፊ ሌላው ጠባብ ነው፤ ጠፍሩ በሊቃውንቱ ትርጓሜ የክርስቶስ የግርፋቱ ሰንበር ምሳሌ ነው። ከሰፊው አፍ ወፍራምና የሚዘገይ ድምፅ፣ ከጠባቡ ቀጭንና ቶሎ የሚጠፋ ድምፅ ይወጣል። የአቋቋም ሥርዓት የሚጀምረው ከበሮ በሌለበት በቁም ዜማ ነው፤ ከዚያ በመቋሚያ ወደሚዘመመው ዝማሜ፣ ቀጥሎም ከበሮው ረጋ ብሎ ወደሚገባበት መረግድ ይሸጋገርና በጭብጨባ ታጅቦ ወደሚፈጥነው ጽፋት ይደርሳል። አንድ ቃል ሳይለወጥ፣ ዜማው በመሠረቱ ያው ሆኖ፣ የምቱ ፍጥነትና ኃይል ብቻ እየጨመረ የጉባኤውን መንፈስ ከጸጥታ ወደ እልልታ ያሻግረዋል። በመንዙማም፣ ድቤ የተባለው ከበሮ በሚመታበት ሐድራ፣ መሪው ብቻውን ሲያወጣ ምቱ ዝቅ ብሎ ቦታ ይለቅለታል፣ ተቀባዩ ሲመልስ ደግሞ ከጭብጨባው ጋር ከፍ ይላል። ይህ መጨመርና መቀነስ ለምቱ ጌጥ ሆኖ የተለጠፈ አይደለም፤ ከተወሰደ የሚቀረው የከበሮው ቆዳ ድምፅ ብቻ ነው።

ከእውነተኛ ከበሮ የተቀረጸ ድምፅ የሚያሰማው የመጀመሪያው ድራም ማሽን አሜሪካዊው ሮጀር ሊን እ.ኤ.አ. በ1980 ያወጣው ኤልኤም-1 ነው። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1983፣ ሚዲ የተባለው የሙዚቃ መሣሪያዎች የጋራ ቋንቋ ሲወጣ፣ የአንዱ ኩባንያ ኪቦርድ የሌላውን ማሽን ማዘዝ ቻለ። ኢትዮጵያውያንም ወደዚህ ዓለም ለመግባት አልዘገዩም፤ የዋሊያስ ባንድ ኪቦርድ ተጫዋች የነበረው ኃይሉ መርጊያ እ.ኤ.አ. በ1985 በዋሽንግተን አካባቢ ብቻውን በሠራው አልበም አኮርዲዮኑን ከሲንተሳይዘርና ከድራም ማሽን ጋር አዋሕዶ የቆዩ ዜማዎችን ተጫውቷል፤ አልበሙም በ2013 ሸሞንሟናዬ በሚል ስም እንደገና ታትሞ ለአዲስ አድማጭ ደርሷል። የዚያ ሥራ ውበት በከፊል የሚመነጨው ማሽኑ ንቅንቅ ሳይል አኮርዲዮኑ በላዩ ላይ በመዋዠቁ ነው። በካሴት ዘመን በአንድ ኪቦርድ ምት ብቻ የተሞሉት ብዙ አልበሞች ግን ይህ ዕድል አልገጠማቸውም፤ ማሽኑም ዘፋኙም እኩል ቆመው ቀርተዋል ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በሚዲ አሠራር አንድ ምት በሦስት ነገሮች ይገለጻል፦ የትኛው ድምፅ እንደሆነ፣ መቼ እንደሚመታና በምን ያህል ኃይል እንደሚመታ። ሦስተኛው ቬሎሲቲ ይባላል፤ ቃሉ ፍጥነት ማለት ሲሆን የተወሰደውም የኪቦርዱ ቁልፍ ሲጫኑት ከሚወርድበት ፍጥነት ነው፤ መጠኑም ከ1 እስከ 127 ባለው ቁጥር ይለካል። ጥሩ ምናባዊ ከበሮ ይህን ቁጥር ድምፁን ለማጉላትና ለማሳነስ ብቻ አይጠቀምበትም። ቆዳ በስሱ ሲነካና በኃይል ሲመታ የሚሰጠው ድምፅ በመጠን ብቻ ሳይሆን በጠባይም ስለሚለያይ፣ ሶፍትዌሩ ለእያንዳንዱ የኃይል ደረጃ ለብቻው የተቀረጸ ሳምፕል ያስቀምጣል፤ ይህ ንብርብር ይባላል። በየንብርብሩም አንድ ዓይነት ምት ደጋግሞ ተቀርጾ በተራ እንዲሰማ ይደረጋል፣ ምክንያቱም ጆሮ ያንኑ ቅጂ ሦስት አራት ጊዜ በተከታታይ ሲሰማ ማሽን መሆኑን ወዲያው ያውቃል። ሱፔሪየር ድራመር 3 የተባለው ሶፍትዌር ከ230 ጊጋባይት በላይ የድምፅ ክምችት ይዞ የወጣው እነዚህ ንብርብሮች፣ ተራዎችና የማይክሮፎን አቀማመጦች እየተባዙ ስለሚሄዱ ነው፤ ይህም 500 ጊጋባይት ሐርድ ዲስክ ያለውን ላፕቶፕ ግማሽ ሊሞላው ይቃረባል።

ሁለተኛው ጉዳይ ጊዜ ነው። ሶፍትዌሩ ጊዜን በእኩል መስመሮች የከፈለ ሰሌዳ ላይ ያሳያል፤ አቀናባሪዎች ግሪድ ይሉታል። ከመስመር ያፈነገጠን ምት ወደ ቅርቡ መስመር ጎትቶ የሚያስቀምጠው ትእዛዝ ደግሞ ኳንታይዝ ይባላል። ሶፍትዌሩ ሲከፈት ሰሌዳው አብዛኛውን ጊዜ በአራት ምት ባር ተሠርቶ፣ እያንዳንዱ ዋና ምትም ለአራት ተከፍሎ ይመጣል፤ ይህ ለሮክና ለፖፕ የሚስማማ አከፋፈል ነው። እስክስታ የሚወረድበት ጭክጭካ ግን ስድስት ንዑስ ምት ያለው፣ አንድ ጊዜ በሦስት ሦስት ሁለት ቦታ፣ ሌላ ጊዜ በሁለት ሁለት ሦስት ቦታ ሊከፈል የሚችል ምት ስለሆነ፣ አንዱ እጅ አንዱን አከፋፈል ይዞ ሌላው ሲሻማው ትከሻን የሚያነቃንቀው ስበት ይፈጠራል። ይህን ምት በማይስማማው ሰሌዳ ላይ ኳንታይዝ ማድረግ ምን ያህል እንደሚጎዳ በቁጥር ማየት ይቻላል። ፍጥነቱ በደቂቃ 120 ዋና ምት ቢሆን አንዱ ዋና ምት 500 ሚሊሰከንድ ይፈጃል፤ ለሦስት ሲከፈል ምቶቹ በ0፣ በ167ና በ333 ሚሊሰከንድ ላይ ያርፋሉ። ለአራት የተከፈለው ሰሌዳ ግን መስመሮቹ በ125፣ በ250ና በ375 ላይ ስለሆኑ ሁለተኛውን ምት 42 ሚሊሰከንድ አስቀድሞ፣ ሦስተኛውን በዚያው ልክ አዘግይቶ ያስቀምጣቸዋል፤ ውጤቱም የሚያነክስ ምት ነው። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ሥራው ከመጀመሩ በፊት ባሩን ስድስት ስምንተኛ ማድረግ ወይም ሰሌዳውን ለሦስት ወደሚከፍለው ምርጫ መለወጥ ይበቃል።

ሰሌዳው ከተስተካከለ በኋላም ኳንታይዝን በሙሉ ኃይሉ መጠቀም አይገባም፤ ብዙ ሶፍትዌሮች ምቱን ወደ መስመሩ በከፊል ብቻ፣ ለምሳሌ በመቶ 50 ወይም 60፣ እንዲያስጠጉ ማዘዝ ይቻላል። ይህ መንገድ ምቶችን በዘፈቀደ ከሚያዛባው፣ ሰው አስመስል ከሚለው ትእዛዝ የተሻለ ነው፣ ምክንያቱም የጥሩ ከበሮ መቺ እጅ ከመስመር ሲወጣ በዘፈቀደ አይወጣም፤ ማዝገም የለመደውን ምት ሁልጊዜ ያዘግመዋል፣ መቅደም የለመደውንም ሁልጊዜ ያስቀድመዋል።

ሉፑ ራሱ ሁለት ዓይነት ነው። የኦዲዮ ሉፕ የተቀረጸ ድምፅ ቁራጭ ስለሆነ ኃይሉ ከቀረጻው ጋር ተቆልፎ ይመጣል፤ ፍጥነቱን መለወጥ ቢቻልም ድምፁ አብዝቶ ሲለጠጥ ይሻክራል፣ የሰፊው አፍ ረጅም ግሳትም በሉፑ መጨረሻ ላይ በድንገት ሊቆረጥ ስለሚችል መጋጠሚያውን ቀስ አድርጎ ማደብዘዝ ያስፈልጋል። የሚዲ ሉፕ ግን የትእዛዝ ዝርዝር ብቻ ስለሆነ እያንዳንዱን ምት መነካካት ይቻላል። የስድስቱን ንዑስ ምቶች ኃይል ለምሳሌ 104፣ 46፣ 62፣ 90፣ 44፣ 70 አድርጎ የጀመረ አቀናባሪ አንድ የሚተነፍስ ባር አግኝቷል፤ ይኸው ባር 64 ጊዜ ሲደጋገም ግን ትንፋሹ ይጠፋል። ስለዚህ የወሎ ከበሮ ሉፕ ከአንድ ባር ይልቅ በ16 ባር ቢታሰብ ይሻላል። የዋናው ምት ኃይል ከ60 ተነሥቶ በየባሩ በ3 ቢጨምር በ16ኛው ባር 105 ላይ ይደርሳል፤ ፍጥነቱም በተመሳሳይ መንገድ፣ አድማጭ ሳይነቃበት፣ በቀስታ ሊወጣ ይችላል። ከመረግድ ወደ ጽፋት የሚደረገው ጉዞ በኮምፒውተር ቋንቋ ሲጻፍ እነዚህን ሁለት የሚወጡ መስመሮች ይመስላል። መሪና ተቀባይ ላለው ዜማ ደግሞ የአንዱን ሉፕ ሁለት ቅጂ፣ አንዱን ለመሪው የላላ ሌላውን ለተቀባዩ የጠበቀ አድርጎ ማዘጋጀት ይገባል፤ በላላው ቅጂ ላይ ትንንሾቹን ምቶች ጨርሶ ማጥፋትም ብዙ ጊዜ ይበጃል።

ይህ ሁሉ ተለፍቶበት የተገኘ ልዩነት በመጨረሻው ደረጃ በአንድ መሣሪያ ሊበላ ይችላል። ኮምፕሬሰር የተባለው መሣሪያ ከተወሰነ ጣራ በላይ የሚወጣውን ድምፅ ይጨቁናል፤ በአራት ለአንድ ልክ ከተቃኘ ከጣራው 8 ዴሲቤል የወጣው ድምፅ 2 ዴሲቤል ብቻ ወጥቶ ይሰማል። ቅንብሩ በሚኒባስ ድምፅ ማጉያ እንዲያስገመግም የሚፈልግ ሰው ጣራውን ዝቅ አድርጎ ሁሉንም ምት እኩል ያጎላዋል፤ ያን ጊዜ ከ60 እስከ 105 የተወጣው ዳገት ሜዳ ይሆናል። ከበሮው ኮምፕሬሰር ቢያስፈልገው እንኳ የየምቱን ሹል ጫፍ ብቻ እንዲነካ አድርጎ መቃኘት በቂ ነው።

የቀረው ጥያቄ ሳምፕሉ ከየት ይመጣል የሚለው ነው። ሃይድሮጅን የተባለው ያለ ክፍያ የሚሰራጭ ሶፍትዌር ተጠቃሚው የራሱን ድምፆች በኃይል ደረጃ ደርድሮ የራሱን ከበሮ እንዲሠራ ይፈቅድለታል። በጸጥተኛ ክፍል፣ ወፍራም ጋቢ በግድግዳ ላይ ተሰቅሎ፣ የከበሮው ሁለት አፎች እያንዳንዳቸው በአራት የኃይል ደረጃ፣ በየደረጃው አራት አራት ጊዜ ቢቀረጹ 32 ምት ይገኛል። እያንዳንዱ ሁለት ሰከንድ ቢረዝምና በአንድ ቻናል በሲዲ ጥራት ቢቀመጥ አጠቃላዩ 6 ሜጋባይት አይሞላም። ሳምፕሎቹ ሲቆረጡ ጅማሬያቸው ላይ የዝምታ ጊዜ መተው የለበትም፣ አለዚያ ምቱ ሁልጊዜ የዘገየ ይመስላል፤ የአራቱ ደረጃዎች የድምፅ መጠንም ተጎትቶ እኩል መደረግ የለበትም።

ለእነዚህ ድምፆች ቁጥር ሲሰጥ አንድ እንቅፋት ይገጥማል። እ.ኤ.አ. በ1991 የወጣው ጄኔራል ሚዲ የተባለው ደረጃ ከ35 እስከ 81 ባሉት ቁጥሮች 47 የምት ድምፆችን መድቧል፤ በዝርዝሩ ውስጥ ቦንጎ፣ ኮንጋ፣ ጊሮና ክላቬስ ሲገኙ ከበሮ የለም። ብዙ ጊዜ የሚመረጠው የቅርብ ዘመድ ኮንጋ ነው፤ ጠባቡ አፍ በ63፣ ሰፊው በ64 ቁጥር ይቀመጣል። ከወልድያ ወደ አዲስ አበባ የሚላከው የሚዲ ፋይል የሚይዘው ቁጥሮቹን ብቻ እንጂ የተቀረጸውን ቆዳ ስላልሆነ፣ ተቀባዩ ሳምፕሎቹን ካልያዘ በስተቀር የሠርጉ ምት በኩባ ኮንጋ ተመትቶ ይሰማዋል፤ ስለዚህ ላኪው ከሚዲው ጋር 32ቱን ድምፆች ወይም ወደ ኦዲዮ የተለወጠውን ቅንብር አብሮ መላክ ይኖርበታል።