ነጥቡ ከመስመር የማይሻገረው ለምንድን ነው?

አንድ ድረ ገጽ ከተጠቃሚው የሚቀበለውን ጽሑፍ መመርመር ይኖርበታል። ለዚህ ተግባር ፕሮግራመሮች በብዛት የሚጠቀሙበት መሣሪያ ሬጉላር ኤክስፕሬሽን ይባላል፤ ይኸውም የሚፈለገውን ጽሑፍ ቅርጽ በጥቂት ምልክቶች የሚገልጽ ንድፍ ነው። መሠረቱን የጣለው አሜሪካዊው የሒሳብ ሊቅ ስቲቨን ክሌይኒ ሲሆን፣ ኬን ቶምሰን በ1968 እ.ኤ.አ. በኮምፒውተር ጽሑፍ የሚፈለግበትን ስልት አሳተመ።

በንድፉ ውስጥ ነጥብ ማንኛውንም አንድ ምልክት ይወክላል፤ ኮከብ ደግሞ ከእርሱ በፊት ያለው የቱንም ያህል ጊዜ እንዲደጋገም ይፈቅዳል። ስለዚህ «.*» ማንኛውንም ጽሑፍ የሚያጠቃልል ይመስላል። ይሁን እንጂ ነጥቡ በመስመሩ ጫፍ ላይ ይቆማል። ምክንያቱ ታሪካዊ ነው፦ እንደ ግሬፕ ያሉ ቀደምት የዩኒክስ ፕሮግራሞች ጽሑፍን የሚመረምሩት መስመር በመስመር ነበር፤ ልማዱም ለኋለኞቹ ቋንቋዎች ተላለፈ።

ለዓይናችን የመስመር መጨረሻ ባዶ ቦታ ነው፤ ለኮምፒውተር ግን እንደ ማንኛውም ፊደል ቁጥር የተሰጠው ምልክት ነው። በዩኒክስ ቁጥሩ 10 ሲሆን በዊንዶውስ የ13 እና የ10 ጥንድ ነው። የድረ ገጽ ቅጽም ባለ ብዙ መስመር ጽሑፍ ሲልክ ይህንኑ ጥንድ ይጠቀማል።

እንግዲህ በኤችቲኤምኤል ገጽ ውስጥ በሁለት መስመር የተጻፈን የፕሮግራመር ማስታወሻ «<!--.*-->» በሚል ንድፍ ብንፈልግ አናገኘውም። ነጥቡን የሚያሻግረው «ኤስ» የተባለው ማዘዣ ነው፤ ጃቫስክሪፕት ይህን ያገኘው በ2018 እ.ኤ.አ. ነው። ነገር ግን ኮከቡ ስግብግብ ነው። ገጹ ሁለት ማስታወሻዎች ቢኖሩት፣ ከመጀመሪያው መክፈቻ እስከ መጨረሻው መዝጊያ ያለውን ሁሉ፣ በመካከል የሚገኘውን ዋና ጽሑፍ ጭምር ይውጣል። የጥያቄ ምልክት አስከትለን «.*?» ብንጽፍ ግን በመጀመሪያው መዝጊያ ይገታል።

«ኤም» የተባለው ማዘዣ ከዚህ ይለያል። ነጥቡን አይነካም፤ የመነሻና የመድረሻ ምልክቶቹ «^» እና «$» በየመስመሩ ዳር እንዲሠሩ ያደርጋል። ከባዱ አደጋ ያለው እዚህ ላይ ነው። ስልክ ቁጥር ለመመርመር «^[0-9]+$» የሚለውን ከ«ኤም» ጋር ብንጠቀም፣ አንዱ መስመር አኃዝ ብቻ እስከሆነ ድረስ በሌላው መስመር የተደበቀ ጎጂ ኮድ ፍተሻውን አብሮ ያልፋል። በሩቢ ቋንቋማ ሁለቱ ምልክቶች ሳይታዘዙም ዘወትር የሚሠሩት እንዲሁ ነው።

ስለዚህ ንድፋችንን በአንድ መስመር ብቻ ፈትነን አንርካ። ከትክክለኛው ቁጥር ሥር ሌላ መስመር ጨምረን እንሞክረው፤ ያን ጊዜ በሩ መዘጋቱን እናረጋግጣለን።