ተንጠልጣዩ ጄራንየም በአብደራፊ ቆላ

በዚህ አጭር ሐተታ የምንመረምረው፥ ተንጠልጣዩ ጄራንየም እንደ አብደራፊ ባለ ቆላ እንዴት ሊለማ እንደሚችል ነው። ተክሉ ቅጠሉ ወፈር ያለና አብረቅራቂ ሲሆን፥ ሐረጉ ከተተከለበት ዕቃ አፍ ወደ ታች ይወርዳል። የትውልድ አገሩ ደቡብ አፍሪካ ነው፤ በ1700 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ወደ ሆላንድ ተወሰደ።

በደጋና በወይና ደጋ ብዙ ድካም አይጠይቅም። በአብደራፊ ግን ሁለት መሰናክል ይገጥመዋል። አንደኛው የበልጉ ወራት ኃይለኛ ሙቀት ነው፤ በዚያን ጊዜ ማበቡን ያቋርጣል። ሁለተኛው ጥቁሩ የዋልካ አፈር ነው፤ በክረምት ውሃ ያቁራል፥ በበጋ ይሰነጠቃል። ሥሩ ቅጠሉ ሊያተነው ከሚችለው በላይ ውሃ ሲስብ፥ ከቅጠሉ ሥር እብጠት ይወጣና እንደ ቡሽ ይደርቃል። ይህን ጥማት ነው ብሎ ውሃ የሚጨምር ሰው ጉዳቱን ያባብሰዋል።

ስለዚህ በዕቃ መትከሉን እናስቀድማለን። ጣሳ በፀሐይ ግሎ ሥሩን ስለሚጎዳ፥ ታቹ የተበሳ ሸክላ ይሻላል። አሸዋ፥ የበሰበሰ ፍግና ቀላል አፈር ይደባለቁበት። በጥቅምት 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ቁራጭ ከአንጓው በታች ተቆርጦ፥ የታችኛው ቅጠል ተነቅሎ፥ በእርጥብ አሸዋ ይተከል፤ ከ3 እስከ 4 ሳምንት ሥር ያወጣል። ከዚያ የጧት ፀሐይ በሚያገኝበት፥ ከቀትር በኋላ ግን ጥላ በሚያርፍበት በኩል ይቀመጥ። የአፈሩ ላይ ሲደርቅ ብቻ በማለዳ ይጠጣ፤ በክረምት ከጣራ ሥር ይግባ።

በጓሮ መትከል የሚፈልግ ግን መደቡን ከፍ አድርጎ አሸዋ ይጨምርበት። በቆላ ይህን ተክል የሚያድነው የውሃው ብዛት ሳይሆን፥ ውሃው ከሥሩ የሚወጣበት መንገድ መሆኑን አንባቢ ይገነዘባል።