ሙያዋ ተወዶ ባለሙያዋ ተንቃ

ከአርባ ምንጭ ወደ ጨንቻ በሚወጣው ዳገት ዶርዜ ላይ ወርጄ አንድ ሸማኔ ደጃፍ ተቀምጫለሁ። ሰውዬው እግሩን ከጉድጓዱ ከትቶ መወርወሪያውን ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ ወደ ግራ ይልካል። ከአጠገቡ ባለች ትንሽ ሬዲዮ ክራር ይሰማል። ከክራሩ በላይ የሴት ድምፅ አለ፤ ሻካራ፣ የማይቸኩል፣ ለአንድ ሰው ብቻ የሚነግር የሚመስል። ክራር ተጫዋቿና ተዋናይዋ አስናቀች ወርቁ ናት። የሸማኔው እጅና የእሷ ክራር በአንድ ቤት ውስጥ ሲሰሙ፣ የሁለቱ ዕጣ ምን ያህል እንደሚመሳሰል ያኔ ገባኝ።

አገሩ ለጥምቀትና ለሠርግ የሚያምርበት ጥበብ ብዙው ከጋሞ ሰው እጅ የወጣ ነው። ከእነዚህ ተራሮች የሄዱት ሸማኔዎች ናቸው የአዲስ አበባውን የሸማ ገበያ ሽሮ ሜዳን ሽሮ ሜዳ ያደረጉት። ልብሱ ቤተ ክርስቲያን ሲገባ፣ የሠራው ሰው ግን በሙያው ይሰደብ ነበር። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን በሥራው መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከማስነገር የደረሱት ነገሩ ሥር የሰደደ ስለነበር ነው። እኛም ጋሞዎቹ ንጹሕ አይደለንም። ሸክላ ሠሪዎቻችንንና ቆዳ ፋቂዎቻችንን «ማና»፣ «ደጋላ» ብለን ለይተን፣ ከጋብቻና ከመሬት አርቀን ኖረናል። ማሰሮው ከምድጃችን ሳይጠፋ ማለት ነው።

አዝማሪውም ከዚሁ ወገን ነበር። በሠርግ ይፈለጋል፣ ልጅ አይዳርለትም። ክራር ደግሞ የባሰ ስም ነበረበት። በገና የእግዚአብሔር ማመስገኛ ሲባል፣ ክራር የዘፈን፣ የመሸታ ቤት፣ የሰይጣን ተባለ። ትርኢትም ከዚህ ስም አላመለጠም፤ አዲስ አበባ ውስጥ ፊልም መታየት በጀመረበት ዘመን የሚታይበትን ቤት ሕዝቡ «የሰይጣን ቤት» ብሎ ነበር የሚጠራው፤ ስሙ እስከ ዛሬ አለ። እንግዲህ በ1920ዎቹ ማብቂያ ገደማ አዲስ አበባ ውስጥ የተወለደችው አስናቀች ያደገችው በዚህ አመለካከት መካከል ነው። ያደገችውም ክራሩንም መድረኩንም ወድዳ ነው።

በዚያን ጊዜ በቴአትር ውስጥ ሴት ገጸ ባህርይ እንጂ ሴት ተዋናይ አልነበረችም። የሴቷን ቦታ ወንዶች ቀሚስ ለብሰው፣ ሻሽ አስረው ይጫወቱት ነበር። በኋላ አገር ሁሉ በልጆች ፕሮግራም የሚያውቃቸው አባባ ተስፋዬ፣ ተስፋዬ ሣህሉ፣ በወጣትነታቸው ሴት ሆነው ከተጫወቱት አንዱ ናቸው። በችሎታቸው ማንም አይጠራጠርም። ነገር ግን ያ ሻሽ የተሸከመውን ነገር ማየት ያስፈልጋል፤ ለአንዲት ሴት መድረክ ላይ መቆም፣ ለወንድ ሴት ከመምሰል ይልቅ አሳፋሪ ነበር።

አስናቀች ያንን ቦታ በራሷ አካል ተረከበች። የኢትዮጵያ ቴአትር የመጀመሪያዋ ሴት ተዋናይ ተብላ የምትጠራው በ1940ዎቹ በቢትወደድ መኮንን እንዳልካቸው «ዳዊትና ኦርዮን» ላይ በመጫወቷ ነው። የዛሬው ብሔራዊ ቴአትር፣ ያኔ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ በ1948 ዓ.ም. ለንጉሡ የዘውድ በዓል 25ኛ ዓመት ሲከፈትም በዚሁ ተውኔት ነበር። ታሪኩን ሁሉም ያውቀዋል፤ ንጉሥ ዳዊት የወታደሩን ሚስት ወስዶ ወታደሩን ለሞት የላከበት ነው። የኢትዮጵያ ሰው በገናን የዳዊት ይለዋል። የክራሯ ልጅ የበገናውን ንጉሥ ኃጢአት በሚናገር ቴአትር መድረክ ላይ መውጣቷ ታስቦበት የሆነ ባይመስለኝም፣ ባሰብኩት ቁጥር ይገርመኛል።

ከዚያ በኋላ ያለው ሕይወቷ በሁለት እጅ የተያዘ ነው። በአንዱ ትወናውን፣ በሌላው ክራሩን ይዛ ለአሥርት ዓመታት የብሔራዊ ቴአትር ሰው ሆና ኖረች። የእኔን ልብ የበለጠ የሚይዘው ክራሯ ነው። የሙሉ ባንድ ድምፅ በገነነበት ዘመን፣ የነሐስ መሣሪያዎች ከተማውን ሲያናውጡ፣ እሷ በጥቂት ክሮች ብቻ አዳራሽ ትሞላ ነበር። «እንደ እየሩሳሌም» የተባለውን ዘፈኗን የሰማ ሰው የምለው ይገባዋል። ክራሩ አይከተላትም፤ ይመልስላታል። ተዋናይ ስለሆነች ይመስለኛል፣ ዘፈኑን ሁለት ሰው የሚነጋገርበት ትዕይንት ታደርገዋለች።

የአገራችን ፊልም ዘግይቶ መጣ። የመጀመሪያው ባለ ሙሉ ርዝመት የአማርኛ ፊልም፣ «ሂሩት አባቷ ማነው»፣ የታየው በ1957 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት በጣት የሚቆጠሩ ፊልሞች ብቻ ተሠሩ። በሌላ አገር የአንዲት አንጋፋ ተዋናይ ወጣትነት በሴሉሎይድ ተቀምጦ የልጅ ልጅ ያየዋል። የአስናቀች ትውልድ ግን ምርጡን ያሳለፈው በመድረክ ላይ ነው። መጋረጃው ሲዘጋ የእጅ እንቅስቃሴው፣ ዝምታው፣ ዓይኑ ሁሉ ከተመልካቹ ጋር ወደ ቤት ሄደ። የቀረልን በአብዛኛው ድምፅ ነው። እሱንም ለዓለም ካደረሱት አንዱ ከፈረንሳይ የሚወጣው «ኢትዮፒክስ» ተከታታይ አልበም ነበር፤ 16ኛውን ቅጽ ሙሉ በሙሉ ለእሷ ሰጥቶ «ባለ ክራሯ እመቤት» አላት። በኋላ ራሔል ሳሙኤል ቤተሰብና ወዳጅ በሚጠራት ስም «አስኒ» ብላ ዘጋቢ ፊልም ሠራችላት።

ይህን ስጽፍ ቅር የሚለኝ ነገር አለ። አንጋፋ ባለሙያዎቻችንን የምናስታውሰው ሲታመሙ ነው። የሕክምና ገንዘብ ማሰባሰቢያ ሲታወጅ «እንዴ፣ በሕይወት ነበሩ?» የሚል ሰው አይጠፋም። ሲያልፉ ሐውልትና ውዳሴ፣ ሲኖሩ የቤት ኪራይ ጭንቀት። አስናቀች መስከረም 3 ቀን 2004 ዓ.ም. አረፈች፤ እንቁጣጣሽ ገና ሁለት ቀኑ ነበር።

ከእሷ ኋላ የመጡት መንገዱን በብዙ አሰፉት። ዓለምፀሐይ ወዳጆ ከትወና አልፋ ቴአትር እስከመምራት ደረሰች፤ ወደ አሜሪካ ከተሰደደች በኋላም ዋሽንግተን ላይ ጣይቱ የባህል ማዕከልን አቋቋመች። በ1970 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቴአትር ጥበባት ትምህርት ሲጀመር፣ ትወና በዲግሪ የሚያስመርቅ ሙያ ሆነ።

አርባ ምንጭ ግን ወግ ቶሎ አይለቅም። የእህቴ ልጅ የትምህርት ቤቷ የድራማ ክበብ ውስጥ ናት። ባለፈው ሰሞን ሲቀላ ሰፈር ቤታቸው ስሄድ እናቷ «እስቲ ምከራት፣ ነገ ማን ያገባታል?» አለችኝ። ልጅቱ ጓዳ ሆና ትሰማናለች። ስልኬን አውጥቼ የአስናቀችን ክራር ከፈትኩ። እህቴ ቡናውን እየቀዳች ዝም አለች፤ ዘፈኑ ሲያልቅ «እስቲ ድገመው» አለችኝ። ስለ ድራማው ክበብ ግን ያን ቀን ምንም አልተናገረችም።