ጠባብ ቁጥር፣ የተሳሳተ አድራሻ

የኮምፒውተር ሜሞሪ እያንዳንዱ ባይት የራሱ ተራ ቁጥር ያለው ረጅም ሰልፍ ነው፤ ተራ ቁጥሩም አድራሻ ይባላል። እያንዳንዱ ነጥቡ አንድ ባይት የሚይዝ ምስል ረድፍ በረድፍ ሲቀመጥ፣ የአንዱን ነጥብ ቦታ ለማግኘት የረድፉን ቁጥር በምስሉ ስፋት አባዝቶ የዓምዱን ቁጥር መደመር፣ ከዚያም ድምሩን በመነሻው አድራሻ ላይ ማከል ይበቃል። ስሌቱ ለአንደኛ ደረጃ ተማሪ እንኳ አይከብድም። ታዲያ ልምድ ያላቸው ፕሮግራመሮች ሳይቀሩ የሚሳሳቱበት ለምንድን ነው?

በሲ ቋንቋ «ኢንት» የሚባለው የቁጥር ዓይነት በተለመዱት ኮምፒውተሮች ላይ 32 ቢት ስፋት ስላለው ከ2,147,483,647 በላይ መያዝ አይችልም። ስፋቱ 50,000፣ ቁመቱ 60,000 ነጥብ የሆነ የሳተላይት ምስል እንውሰድ። ረድፍና ዓምድ ከ0 ጀምሮ ሲቆጠር፣ በረድፍ 42,949 ዓምድ 33,647 ላይ ያለው ነጥብ በትክክል ይገኛል፤ የሚቀጥለው ግን ከወሰኑ ያልፋል። ረድፍ 50,000 ላይ ሲደረስ ብዜቱ 2,500,000,000 መሆን ሲገባው፣ እንደ አሮጌ መኪና ኪሎ ሜትር ቆጣሪ ዞሮ −1,794,967,296 ይሆናል። (የሲ ደንብ ለዚህም እንኳ ዋስትና አይሰጥም፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚታየው ግን ይኸው ነው።) ፕሮግራሙም ከምስሉ መነሻ 1.8 ቢሊዮን ባይት ያህል ወደ ኋላ ይሄዳል። ዕድለኞች ከሆንን ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ወዲያውኑ ያስቆመዋል፤ ካልሆንን በሌላ መረጃ ላይ ይጽፍበታል። ፕሮግራሙን በትናንሽ ምስሎች ብቻ የፈተነ ሰው ይህን ፈጽሞ አያይም።

ብዙዎች በመጀመሪያ የሚሞክሩት መፍትሔ ውጤቱን 64 ቢት በሆነ ተለዋዋጭ ማስቀመጥ ነው። ይህ አይሠራም። የብዜቱን ስፋት የሚወስኑት የሚባዙት ቁጥሮች እንጂ ውጤቱን የሚቀበለው ተለዋዋጭ አይደለም፤ ሁለቱም 32 ቢት ከሆኑ ውጤቱ የሚበላሸው ወደ ሰፊው ዕቃ ከመገልበጡ በፊት ነው። ስለሆነም ከሁለቱ አንዱን፣ ማባዛቱ ሳይጀመር፣ ወደ 64 ቢት መለወጥ ያስፈልጋል። እዚህ ላይ «ሎንግ» የሚባለው ዓይነት እንዳያታልለን፤ በ64 ቢት ሊኑክስ 64፣ በ64 ቢት ዊንዶውስ ግን 32 ቢት ነው።

እ.ኤ.አ. በ2006 ጆሹዋ ብሎክ የተባለው ፕሮግራመር ራሱ ለጃቫ ላይብረሪ በጻፈው የባይነሪ ሰርች ፕሮግራም ውስጥ የዚሁ ዘመድ የሆነ ስህተት ለዘጠኝ ዓመት ያህል ተደብቆ መኖሩን ይፋ አደረገ። መካከለኛውን ቦታ ለማግኘት የታችኛውና የላይኛው ወሰን ተደምረው ለ2 ይካፈሉ ነበር፤ ዝርዝሩ ከ1 ቢሊዮን በላይ አባላት ሲኖሩት ድምሩ ከ32 ቢት ያልፋል። ማስተካከያው አንድ መስመር ነው፦ የሁለቱን ልዩነት ግማሽ በታችኛው ወሰን ላይ መደመር።