የሰቆጣ ነዋሪ አቤት የሚለው ለየትኛው ምክር ቤት ነው?

ሰቆጣ ውስጥ አንድ ሰው «ምክር ቤቱ ወሰነ» ቢላችሁ፣ የትኛው ብላችሁ ጠይቁ። ከተማዋ የዋግ ኽምራ ብሔረሰብ አስተዳደር መቀመጫ ናትና የብሔረሰቡ ምክር ቤት የሚሰበሰበው እዚያው ነው። ይህ ምክር ቤት በክልሉ ሕገ መንግሥት የቆመ ሲሆን፣ እንደ ኽምጣኛ ቋንቋና ባህል ያሉ የመላው ዋግ ጉዳዮች ይመለከቱታል። የዙሪያው ገበሬ ደግሞ በሰቆጣ ዙሪያ ወረዳ ምክር ቤት ይወከላል። የከተማው ነዋሪ የራሱ የሚለው ሦስተኛውን፣ የከተማ ምክር ቤቱን ነው።

የከተማ ምክር ቤት ከንቲባውን ይሰይማል፣ የዓመቱን በጀት ያጸድቃል፣ የአስተዳደሩን ሪፖርት ሰምቶ ይጠይቃል። አባላቱ በአብዛኛው ሌላ መተዳደሪያ ያላቸው ሰዎች ናቸው፤ የሚሰበሰቡትም በዓመት ጥቂት ጊዜ ነው። የዕለት ተዕለቱ ሥራ በከንቲባውና በጽሕፈት ቤቶቹ እጅ ይቀራል። ጉባኤው ጠያቂ ካልሆነ የቀረበለትን ሪፖርት አጨብጭቦ መሸኘት ብቻ ይሆናል፤ ይህ ደግሞ በሰቆጣ ብቻ የሚታይ አይደለም።

ገንዘቡ ከሁለት በኩል ይመጣል። የመምህሩና የጤና ባለሙያው ደመወዝ በዋናነት ከክልሉ ድጎማ ይከፈላል። የውስጥ ለውስጥ መንገድ፣ የጎርፍ መውረጃና የቆሻሻ ማንሳት ግን የማዘጋጃ ቤት ሥራዎች ስለሆኑ በዋናነት ከሊዝ፣ ከኪራይና ከአገልግሎት ክፍያ በሚሰበሰብ ገቢ ይሸፈናሉ። ዝናብ አጠር በሆነ አካባቢ ያለች፣ ንግዷ ያልሰፋ ከተማ ከዚህ ብዙ አትሰበስብም። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ስለሚጀምር የሰፈሩ ሰው «መንገዳችን ይሠራልን» የሚለው በነሐሴ ከሆነ ዘግይቷል፤ ጥያቄው በግንቦት ወይም በሰኔ ወደ ተወካዩ ጆሮ መግባት አለበት።

ውኃ ለብቻው የሚታይ ነገር ነው። ጀሪካን ደርድራ ቦኖ ላይ የምትጠብቅ እናት ቁጣዋ ቀጥታ ወደ ማዘጋጃ ቤት ይሄዳል። በክልሉ ከተሞች ግን የውኃ አገልግሎት የራሱ ሥራ አመራር ቦርድ አለው፤ የታሪፍ ጉዳይም የሚታየው በዚያ በኩል ነው። ስለዚህ ቦኖው ሲደርቅ መጀመሪያ የሚኬደው አገልግሎቱ ዘንድ ነው፣ መልስ ሲጠፋ ቦርዱ ዘንድ፣ ከዚያ በኋላ ነው የምክር ቤት ተወካዩ ዘንድ። በሰሜኑ ጦርነት ወቅት ከአበርገሌና ከጻግብጂ የተፈናቀሉ ሰዎች ወደ ሰቆጣና አካባቢዋ ሲመጡ የወረፋው ርዝመት ጨመረ፤ ለከተማው ምክር ቤት ድምፅ ያልሰጡ ሰዎችም የዚያው ቦኖ ተጠቃሚ ሆኑ።

ከሁሉ የከበደው ጉዳይ ግን ምርጫው ነው። በአገር አቀፍ ደረጃ የመጨረሻው የአካባቢ ምርጫ የተካሄደው በ2005 ዓ.ም. ሲሆን፣ የያኔው ገዥ ግንባርና አጋሮቹ ወንበሩን ከሞላ ጎደል ጠቀለሉት። በ2010 ሊደረግ የነበረው ተራዘመ። የ2013ቱ ምርጫም ከአዲስ አበባና ከድሬዳዋ ምክር ቤቶች በቀር የከተማ፣ የወረዳና የቀበሌ ወንበሮችን አልነካም። አምስት ዓመት ተብሎ የተሰጠ ውክልና ይህን ያህል ሲረዝም ተወካዩ የሚፈራው መራጩን ሳይሆን የመደበውን አካል ይሆናል። አዲስ መራጮች በዚህ መሃል አድገዋል፤ በ2005 የአምስት ዓመት ልጅ የነበረ በ2018 ዓ.ም. ለመምረጥ ዕድሜው ደርሷል፣ ለከተማው ምክር ቤት ግን ድምፅ የሰጠበት ቀን የለም።