ነባሩን የግቢ ኮንክሪት ማስዋብ፦ ከቀለሙ በፊት ወለሉን መመርመር



በአዲስ አበባ የብዙ መኖሪያ ቤቶች ግቢ በኮንክሪት የተሸፈነ ነው። ልጆች የሚጫወቱት፣ ለደስታም ሆነ ለሐዘን ድንኳን የሚተከለው በዚሁ ወለል ላይ ነው። ከዓመታት በኋላ ወለሉ ሲጠቁርና ሲሰነጠቅ፣ ባለቤቱ ወይ አፍርሶ እንደገና ለማስሞላት ያስባል፣ ወይ ላዩን ቀለም ይቀባል። የመጀመሪያው ብዙ ገንዘብ ይጠይቃል፤ ሁለተኛው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ክረምቱን ሳይሻገር ይላላጣል። ከሁለቱ የተሻለ መንገድ አለ፤ ሆኖም የማንኛውም ማስዋቢያ ዕድሜ የሚወሰነው ከሥሩ ባለው ወለል ጤንነት መሆኑን አስቀድሞ መረዳት ያሻል።

ስለዚህ ሦስት ነገሮችን እንመርምር። የመጀመሪያው ስንጥቅ ነው። ኮንክሪት ሲደርቅ በመኮማተሩ የሚፈጠር የፀጉር ያህል ቀጭን ስንጥቅ አያሰጋም። በቦሌና በሌሎች ሜዳማ አካባቢዎች የሚገኘው መረሬ አፈር ግን በክረምት ያብጣል፤ በበጋ ይሸማቀቃል። በላዩ ያለው ስንጥቅም አብሮ ይከፈታል፤ ይዘጋል። የስንጥቁን ጫፍና ስፋት ከነቀኑ ምልክት አድርጎ ወቅት እስኪለወጥ መከታተል ሁለቱን ለመለየት ይረዳል።

ሁለተኛው እርጥበት ነው። ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር የሆነ ፕላስቲክ በወለሉ ላይ አንጥፎ ዙሪያውን በፕላስተር ማሸግና ቢያንስ ለ16 ሰዓታት መተው ይበቃል። ሲገለጥ ከሥሩ ጤዛ ከታየ ወይም ኮንክሪቱ ከጠቆረ፣ እርጥበት ከመሬት እየወጣ ነው። እንዲህ ያለውን ወለል አየር በማያሳልፍ ቀለም መሸፈን እርጥበቱ ቀለሙን ከሥር ገፍቶ እንዲያነሣው መጋበዝ ነው።

ሦስተኛው የላይኛው ገጽ ጥንካሬ ነው። በመዶሻ ሲመታ ባዶ ድምፅ የሚሰጥ ወይም በእጅ ሲታሽ የሚዱቅ ክፍል ተነሥቶ መጠገን አለበት። ጥቂት ውኃ ስናንጠባጥብ ወደ ውስጥ ካልሰረገ ደግሞ ዘይት ወይም የቀድሞ ቅብ አለ ማለት ነው፤ ሳይነሣ አዲስ ነገር አይዝም።

ምርጫው የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ጤናማና ንጹሕ ለሆነ ወለል የአሲድ ማቅለሚያ ተስማሚ ነው። በውስጡ ያሉት የብረት ጨዎች ከኮንክሪቱ ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ ጋር ተዋሕደው ቀለም ስለሚፈጥሩ እንደ ቅብ አይላጥም። ነገር ግን የተጠገነውን ቦታ አይደብቅም። ሠራተኛው ጓንትና መነጽር ማድረግ፣ አሲድ ማቅጠን ካስፈለገም አሲዱን ወደ ውኃ እንጂ ውኃን ወደ አሲድ አለመጨመር ይገባዋል።

ብዙ ጥገና ያለበት ወለል ፖሊመር የተቀላቀለበት ስስ የሲሚንቶ ልባስ ይስማማዋል። ይህ ልባስ በጥቂት ሚሊሜትር ውፍረት ጠባሳውን ይሸፍናል፤ የድንጋይ መልክም ሊታተምበት ይችላል። የሚንቀሳቀስ ስንጥቅን ግን ልባስም ሆነ ሴራሚክ አይገታውም፤ ውሎ አድሮ ወደ ላይ ይወጣል። ብልኅነቱ ስንጥቁ ባለበት መስመር ልባሱን ቀጥ አድርጎ መቁረጥ፣ በሚለጠጥ ማሸጊያ መሙላትና መስመሩን የንድፉ አካል ማድረግ ነው። ኤፖክሲ በበኩሉ በፀሐይ ብርሃን ቢጫ እየሆነ ስለሚሄድ ለክፍት ግቢ አይመረጥም።

ውበት ደኅንነትን መጋፋት የለበትም። የሚያብለጨልጭ ገጽ በዝናብ ጊዜ ያንሸራትታል፤ ለአረጋውያን አንድ ውድቀት የዳሌ ስብራት ሊያስከትል ይችላል። በመጨረሻው ቅብ ላይ ደቃቅ አሸዋ መነስነስ ገጹን ሻካራ ያደርገዋል። በአንድ ሜትር 2 ሴንቲሜትር ያህል ከቤቱ ወደ ውጭ የሚያዘነብል ወለልም ውኃ አያቁርም።

የክረምቱ ወራት ለምርመራ፣ በጋው ለሥራ ይመቻሉ። ዝናቡ ውኃ የሚቋጥርበትንና እርጥበት የሚወጣበትን ቦታ በግልጽ ያሳየናል፤ መሬቱ ከደረቀ በኋላ የምንጀምረው ሥራ በዚያ ዕውቀት ላይ ይቆማል። በዚህ ቅደም ተከተል የሠራ ሰው ገንዘቡን በየዓመቱ ለሚላጥ ቀለም ከማውጣት ይድናል።